አስተርጓሚ የማያስፈልገው ስደተኛ



ቴሌቪዥን ቤተሰብን በአንድ ክፍል ያስቀምጣል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ላይ አያስቅም። ልጆች በዕብራይስጥ የተነገረ ቀልድ ሰምተው ሲንከተከቱ እናት «ምን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁም «ቆይ፣ ኋላ እነግርሻለሁ» ይላል። ኋላ ሲነግራት ደግሞ ቀልዱ ቀዝቅዟል። በክሊኒክም፣ በባንክም፣ በትምህርት ቤት ስብሰባም ለወላጆቹ ሲያስተረጉም የዋለ ልጅ ማታ ሳቅም እንዲያስተረጉም ሲጠየቅ ይደክመዋል፤ ወላጅም እያፈረ መጠየቁን ይተወዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን አያትም የልጅ ልጅም እኩል የሚስቁበትን አንድ አጭር ፊልም እናስተዋውቃችኋለን። ስሙ «ስደተኛው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ ድምፅ የሌለው የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1889 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ ለንደን ውስጥ በችግር ያደገ ሰው ነው። እናቱ የመድረክ ዘፋኝ ነበረች። ታማ መሥራት ሲያቅታት እሱና ወንድሙ ገና በልጅነታቸው ወደ ድሆች መጠለያ ገቡ። በ1910 ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከ1914 ጀምሮም ያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰውዬ በፊልም ታየ። ጠባብ ኮት፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልልቅ ጫማ፣ ክብ ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ ከአፍንጫው ሥር አጭር ሪዝ። ልብሱ የለማኝ፣ ጠባዩ ግን የጨዋ ልጅ ነው። (ብዙ ሰው ቻፕሊንን አይሁዳዊ ይመስለዋል። አልነበረም፤ ነገር ግን በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በሚለው ፊልሙ ሂትለርን ሲያላግጥበት፣ በዚያው ፊልም የአንድ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይን ክፍልም ራሱ ተጫውቷል።)

«ስደተኛው» የሚጀምረው በመርከብ ላይ ነው። መርከቡ ይናወጣል፣ ሰዉ ሁሉ ታሟል። ቻርሊ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ባሕሩ ተደፍቶ እግሩን ያንፈራግጣል፤ እሱም የሚያስመልሰው ይመስለናል። ዞር ሲል ለካ ዓሣ እያጠመደ ኖሯል! ከዚያ የምግቡ ሰዓት ይመጣል፤ የሾርባው ሳህን በጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አንዲት ወጣት መቀመጫ አጥታ ስትቆም የራሱን ይለቅላታል። ወጣቷ ከእናቷ ጋር የምትጓዝ ናት፤ እናቷ ተኝታ ሳለች አንድ ቁማርተኛ ገንዘባቸውን ይሰርቃል። ቻርሊ ይህን ሳያውቅ ያንኑ ገንዘብ በካርታ ጨዋታ ያሸንፋል። ልጅቷ ስታለቅስ ባያት ጊዜ ገንዘቡን በስውር ከኪሷ ይጨምርላታል። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ራሱም ድሃ መሆኑ ትዝ ሲለው ተመልሶ ጥቂቷን ይወስዳል። መልካም ሰው ነው፤ መልአክ ግን አይደለም።

መርከቡ ኒው ዮርክ ሲደርስ የነፃነት ሐውልት ይታያል። ሁሉም ቀና ብለው ሲመለከቱ ባለሥልጣኖች መጥተው በገመድ አጥረው ወደ አንድ ጥግ ይገፏቸዋል። ከአውሮፕላን ወርዶ ስሙ እስኪጠራ በሰልፍ የቆመ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ቻርሊም ከባለሥልጣኖቹ አንዱን ከኋላው በካልቾ ይለዋል። ለልጆች መጥፎ ምሳሌ ነው የሚል ወላጅ ይኖራል፤ እኛ ግን ስቀናል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ቻርሊ ተርቦ ሲንከራተት መንገድ ላይ አንድ ሳንቲም ያገኛል፤ ከኪሱ ይጨምራታል፤ ኪሱ ግን ቀዳዳ ነው። ይህን ሳያውቅ ገብቶ አደንጓሬ ያዛል። እዚያም የመርከቧን ወጣት ያገኛታል። እጇን ሲይዝ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ መሐረብ ያያል፤ እናቷ ሞታለች ማለት ነው። አንድም ቃል አይነገርም። በሱዳን መንገድ ሰው የቀበረ አንባቢያችን ይህን መሐረብ ማንም ሳይነግረው ያነበዋል።

አስተናጋጁ ኤሪክ ካምቤል የተባለ ግዙፍ ተዋናይ ነው። (በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በመኪና አደጋ ሞተ።) ከሂሳቡ አሥር ሳንቲም የጎደለበትን ተመጋቢ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሲደበድብ ቻርሊ ያያል፤ ኪሱን ይዳብሳል፤ ባዶ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሠዓሊ መጥቶ ሁለቱን ሥዕል ሊሥላቸው እንደሚፈልግ ይነግራቸዋል፤ «የእናንተንም ሂሳብ እኔ ልክፈል» ይላል። ቻርሊ በእጁ «የለም፣ የለም» ብሎ ይከለክላል። ሠዓሊው ይለምናል፤ ቻርሊ እምቢ ይላል።

ይህ እንግዲህ የእኛው ይሉኝታ ነው። በእኛ ቤት «ጠግቤያለሁ» ያለ እንግዳ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ «በሞቴ» ይባላል፣ እንደገና «በሞቴ» ይባላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። ሁለቱም ሥርዓቱን ስለሚያውቁት ማንም ተርቦ አይወጣም። ሠዓሊው ግን ሥርዓቱን አያውቅም። ቻርሊ አንድ ጊዜ አብዝቶ «የለም» ሲል «እሺ፣ እንደ ፈቀድክ» ብሎ ይተወዋል። በዚያች ቅጽበት የቻርሊ ፊት ምን እንደሚመስል በጽሑፍ አንሞክረውም። በዚህ አገርም ቡና ቢቀርብለት ለወጉ ያህል «አይ፣ አመሰግናለሁ» ያለ አዲስ ገቢ ሲኒው ሲነሳበት አይቶ ያውቃል።

እንዴት እንዳመለጠ መናገር ደስታውን መቀነስ ነው፤ ሠዓሊው ለአስተናጋጁ የተወው ጉርሻ እንደ ረዳው ብቻ እንንገራችሁ።

ፊልሙ ሲቀረጽ መጀመሪያ የተሠራው ይህ የምግብ ቤት ክፍል ነበር፤ የመርከቡ ጉዞ የተጨመረው በኋላ ነው። ቻፕሊን ራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 በመርከብ ወደ ለንደን ሲሄድ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። ኑሮውን በስዊዘርላንድ አደረገ፤ አሜሪካን እንደገና የረገጠው በ1972 የኦስካር ሽልማት ሊቀበል ነው። በ1977 ዐረፈ።

ፊልሙን በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል። በመካከል ብቅ የሚሉት ጥቂት የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ባይነበቡም ታሪኩ አይጠፋም። የምትሰሙት ሙዚቃም በኋላ የተጨመረ ስለሆነ ብታጠፉት አይጎድልባችሁም፤ አያት ያለማቋረጥ ቢያወሩ ማንንም አይረብሹም።