ከደርዘኑ አንዲት ጽጌረዳ

በምዕራቡ ዓለም የፍቅረኞች ቀን በሚባለው ዕለት ባል ለሚስቱ አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ይዞ ይገባል። ልማዱ ወደ እኛም ከተሞች እየገባ ነው፤ ደግነቱንና ክፋቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከዚሁ ልማድ አንድ መልካም ሐሳብ አፈለቁ። አሥራ አንዱን ግዙ፣ የአንዷን ዋጋ 5 ዶላር ደግሞ በድሃ አገር ለሚኖር ስኳር ላለበት ልጅ ስጡ አሉ። ገንዘቡ እ.ኤ.አ. በ2000 ለተመሠረተው ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ ለተባለ ድርጅት ይሰጥ ነበር፤ 5 ዶላሩም አንድን ልጅ ለአንድ ወር ያቆይ ነበር።

ያቆይ ነበር ስንል በሕይወት ማለታችን ነው። ዓይነት 1 በሚባለው የስኳር በሽታ የልጁ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል። ይህ ጣፋጭ ስለበላ ወይም ወላጆቹ ስላጠፉ የመጣ አይደለም። በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጋ ድረስ በዓለም ሁሉ የነበረው ዕጣ ይኸው ነበር። በድሃ አገሮች ዛሬም የሚጠማው፣ ሽንት የሚያበዛውና የሚከሳው ልጅ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ የሚሞትበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ብዙዎቻችን ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ አለን። እዚያ በየቤቱ የተረፈ ስትሪፕና መርፌ ሞልቷል። ታዲያ አምጡ ከማለታችሁ በፊት ልጁ የያዘውን መለኪያ ጠይቁ። ስትሪፕ የሚሠራው ከገዛ መሣሪያው ጋር ብቻ ነው፤ የሌላ ፋብሪካ ስትሪፕ መቶ ቢመጣ አንዱም አይጠቅመው። መለኪያውን በነጻ ያገኘች እናት እንኳ ስትሪፕ መግዣ አጥታ በግምት የምትወጋበት ቤት ብዙ ነው።

መርፌውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ባለ 40 እና ባለ 100 የሚባሉ የኢንሱሊን ዓይነቶች አሉ፤ ሲሪንጃቸውም የየራሳቸው ነው። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ የቀዳች እናት ለልጇ ሁለት ተኩል እጥፍ ትሰጠዋለች። ይህ ሊገድል ይችላል።

ኢንሱሊኑ ያልተከፈተና ጊዜው ያላለፈ ይሁን፤ ከሐኪሙም ጋር ተነጋገሩ፣ ዓይነቱ ብዙ ነውና። ተጓዡ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በአውሮፕላኑ ጭነት ክፍል ሊበርድ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ይጣላል። ፍሪጅ የለም ብላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የነበረውን ሙቀት ተከትሎ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ አሳይቷል። እናቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበት የሸክላ ዕቃም ይረዳል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ለልጁ እንጸልይ፤ ነገር ግን ተፈውሰሃልና መርፌህን ተው የሚለው ማንም አይኑር። መርፌውን የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። በስንት ልፋት የመጣው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ልጁ ቢሞት ምን ይባላል?

አንድ ሻንጣ ዕቃ ሁለት ወር ያደርስ ይሆናል፤ ልጁ ግን በሦስተኛውም ወር መወጋት አለበት። ስለዚህ ባልና ሚስት ተመካክራችሁ በየወሩ ጥቂት ብር ብትመድቡ፣ ወይም አምስት ቤተሰብ ሆናችሁ የአንድ ልጅ ስትሪፕ ብትይዙ፣ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ሻንጣ ይበልጣል ባይ ነኝ።

በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እናቱን በዚህ እሑድ ለብቻዋ ጠይቋት። የመለኪያውን ስምና የኢንሱሊኑን ዓይነት በወረቀት ትጻፍላችሁ፤ ዘመዳችሁም ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ይድረሰው።