ሞተሪኖው ሳይመረመር አይፈታ

በመካኒሳ አቦ መንገድ ዳር በማለዳ ለሚያልፍ ሰው ኦቶሞቢል ሲገፋ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይልቁንም በክረምት፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ አንዱ መሪ ይዞ ሁለት ሦስት ጎረምሶች ከኋላ ሲገፉ ይታያሉ። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ መኪናው ጥቂት እንደ ተንደረደረ ይነሣል። አውቶማቲክ የሆነ እንደሆነ ግን እስከ ጀሞ ቢገፉትም አይነሣምና ባለቤቱ መካኒክ ከመጥራት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

መካኒኩም ይመጣል፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ ያዞራል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ሞተሪኖው አልቋል» ብሎ ይፈርዳል። ሞተሪኖው ይፈታል፤ ሌላ ይገዛል፤ ይታሰራል። በሳምንቱ ግን መኪናው እንደ ገና ይገፋል። ገንዘቡም ወጣ፣ በሽታውም አልዳነ። ዛሬ አስተያየታችንን ልናቀርብ የወደድነው ስለዚህ ችኩል ፍርድ ነው።

ሞተሪኖ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ትንሽ ሞተር ማለት ነው። ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኦቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገባ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ይህም ብረት ወደ ኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ በየአገሩ ሰብሯል። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 የካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ሥራው ለቁልፍ ተላልፏል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ሞተሪኖ ለአንድ አፍታ የሚስበው ኃይል ለትንሽ መኪና እንኳ ከመቶ አምፔር በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ኃይል በቁልፉ ቀጭን ሽቦ ቢያልፍ ሽቦው ይቃጠላል። ስለዚህ በሞተሪኖው ጀርባ ሶሎኖይድ የሚባለው ተቀምጧል። ከቁልፉ በቀጭኑ ሽቦ የሚመጣው ትንሽ ኃይል በሶሎኖይዱ ውስጥ ያለውን ብረት ይስባል፤ ብረቱም በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ትንሿን ጥርስ ገፍቶ ከትልቁ ሞተር ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ በሌላ በኩል ከባትሪ የመጣውን ወፍራም ገመድ ከሞተሪኖው ጋር ያጋጥማል። መመለሻው መንገድ ደግሞ ባለ ሙያዎቻችን ማሳ የሚሉት ነው፤ ይኸውም ኃይሉ በሞተሩ አካልና በማሳው ገመድ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ነው።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ከሆነ ጥፋቱም ከዚህ መንገድ አይወጣም። መኪናው ራሱ በድምፁ ይናገራል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ቢንቀጠቀጥ፣ መብራቱም ቢደበዝዝ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል። አንድ ጊዜ ብቻ ጧ ብሎ ዝም ቢል፣ የሶሎኖይዱ መጋጠሚያ ተበልቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ተይዟል፣ ወይም ወፍራሙ ገመድ ላልቷል። ምንም ድምፅ ባይሰጥ፣ ቀጭኑ ሽቦ ኃይል እያመጣ መሆኑ ይመርመር። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ቢዞርና ትልቁ ሞተር ባይነቃነቅ፣ ጥርሱ አልያዘም።

ከጆሮ ቀጥሎ ደግሞ መለኪያ አለ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው ሲስብ ከ9.6 በታች ቢወርድ ጥርጣሬው በባትሪው ላይ ይወድቃል። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አድርገው ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ቢታይ፣ የታመመው ማሳው ነው። በተለይም ቦዲው ተቀጥቅጦ ቀለም የተቀባ መኪና፣ የማሳው ገመድ ቀለሙ ሳይፋቅ እንደ ነገሩ ይታሰርና ጤነኛ ሞተሪኖ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። መድኃኒቱ ጥቂት የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቁልፍ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖ መግዛት ምን ይባላል? በሽታውን ያላወቁትን መድኃኒት አያድነውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ክፉ ልማድ ሳንናገር አናልፍም። የሶሎኖይዱን ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝቶ ሞተር ማስነሣት እንደ ብልሃት ይቆጠራል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ቢሆን ግን ሞተሪኖው መኪናውን ሊያስፈነጥረው ይችላል፤ ከፊቱ የቆመው ወይም ከሥሩ የተኛው ሰው ይጨፈለቃል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝም በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ስለዚህ ማርሹ ነጻ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ለመፍታትም የባትሪው ኔጋቲቭ መጀመሪያ ይነሣ፣ ሲታሰርም መጨረሻ ይግባ።

ይህን ስንል ግን ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ መጫናችን አይደለም። ባለ መኪናው ለዕቃ ይከፍላል፤ ለምርመራ ክፈል ቢሉት ግን «ነክተህ ብቻ ተመለከትከው እኮ» ብሎ ይቆጣል። መካኒኩ ግማሽ ሰዓት ለክቶ የማሳውን ገመድ ቢያጠብቅ የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ሲሆን፣ ሞተሪኖ ቢቀይር ግን ከእጁ ዋጋም ከዕቃውም ይጠቀማል። ዕውቀቱን ያልከፈልንበት ሰው ዕውቀቱን ቢተው የሚያስደንቅ አይደለም። ሐኪም ሲመረምረን የምንከፍለው ለክኒኑ ብቻ ነውን?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን መኪናዎች ከእኛ ጋር ማርጀታቸው የማይቀር ነው። ዕቃቸውም እየተወደደ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ነገር ግን ሳይለኩ መፍረድ በዚያም ላይ ኪሣራው የባሰ ይሆናል።

ስለዚህ ለባለ መኪናዎች የምናሳስበው፣ ለምርመራ የሚገባውን ዋጋ አስቀድመው ተስማምተው እንዲከፍሉና ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት «ስንት ቮልት አገኘህ?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ለመካኒኮቻችንም የምንለው፣ መለኪያው ከካቻቢቴው ቀድሞ ከሣጥኑ ይውጣ፤ የተነሣውም አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ተመልሶ ጉድለቱ ይታይ። ይህ ሲሆን የሙያው ክብር ከፍ ይላል፤ የደኻውም ገንዘብ በከንቱ አይባክንም።