ስክሪኑ ስለጨፈረ ኮምፒውተሩ ጎበዝ ነው ያለው ማነው?



ሰሞኑን ከአንዲት ጓደኛችን ጋር ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ መገናኛ አካባቢ ወጣን። በእጇ ያለው የስድስት ወር ቁጠባዋ ነው። ኮምፒውተሩን የምትፈልገው ቃለ መጠይቅ ልትቆርጥበትና ጽሑፍ ልትጽፍበት ነው፤ ሌላ ጣጣ የላትም። ባለሱቁ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀመጠና በየተራ ዘፈን ከፈተባቸው። አንደኛው ላይ ያ ሁላችንም የምናውቀው ቪዥዋላይዘር፣ ከዘፈኑ ጋር እየተጠማዘዘ ቀለም የሚረጨው ነገር፣ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሌላኛው ላይ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይሄዳል…

«አያችሁ አይደል እህቶቼ? የማክና የዊንዶውስ ልዩነት ይሄ ነው!» አለን። የሚፈስሰው ዋጋው የሌላኛው እጥፍ ነው።

ጓደኛችን ቦርሳዋን ከፈተች። እኛ ደግሞ አፋችንን ከፈትን።

ይህ ጽሑፍ ለባለሱቁ ብቻ አይደለም። «ዊንዶውስ ቆሻሻ ነው»፣ «ማክ ጌጥ ነው»፣ «ሊኑክስ ምንም አያሳይም» እያላችሁ በየካፌው ለምትፋለሙት ሁሉ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ቪዥዋላይዘር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሚዛን አይደለም። ሚዛን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቁጠባውን ለጭፈራ ይከፍላል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዘፈን ለኮምፒውተር የቁጥር ጎርፍ ነው፤ በሲዲ ጥራት ለእያንዳንዱ ጆሮ በሰከንድ 44,100 ቁጥር ይፈስሳል። ዊንአምፕ ከዚህ ጎርፍ በአንድ ጊዜ 576 ቁጥር እየጨለፈ ለቪዥዋላይዘሩ ያቀብለው ነበር። ቪዥዋላይዘሩ ቀደም ሲል የሳለውን ምስል ትንሽ ያጣምማል፤ በላዩ ላይ አዲሱን የድምፅ ሞገድ ይስላል፤ እንደገና ያጣምማል። ይህንን በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ይደጋግማል። በቃ! የምንፈዝበት አስማት ይሄው ነው። ስሌቱ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ። ከሁለቱ አንዱ ሲዘገይ ጭፈራው ይንቀጠቀጣል። «የዘገየው የትኛው ነው? ለምን?» ብለን መጠየቅ ሲገባን «አርማው የማን ነው?» እንላለን።

ደግሞስ ምንና ምን ነው የምናወዳድረው? ዊንአምፕ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ራያን ጋይስ የሠራው ዝነኛው ሚልክድሮፕ በ2001 መጣ። የተጻፈው የማይክሮሶፍት ንብረት በሆነው ዳይሬክትኤክስ ስለነበር ማክ ላይ ጭራሽ አይሠራም። በዚያው በ2001 የወጣው የአፕል አይቱንስ ደግሞ ጂፎርስ ከተባለ ሌላ ፕሮግራም የተወሰደ የራሱ ቪዥዋላይዘር ነበረው። እናም የዊንዶውሱ ልጅ ያየው ሌላ፣ የማኩ ልጅ ያየው ሌላ። ሁለቱ ተገናኝተው «የእኔ ይበልጣል» ሲባባሉ ኖሩ! አንዱ እስክስታ ሲወርድ ሌላው ጉራጊኛ ሲጨፍር አይቶ በመድረኩ ጣውላ ላይ እንደመፍረድ ነው።

«ታዲያ ልዩነት የለም ልትሉን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። አለ እንጂ! ግን እናንተ የምትሉት ቦታ ላይ አይደለም። ሊኑክስን ውሰዱ። ትክክለኛው የግራፊክስ ድራይቨር ካልተጫነ ካርዱ ሥራ ፈቶ ይቀመጥና ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲስል ይውላል። ጭፈራው ስላይድ ሾው ይሆናል። ይሄኔ «ሊኑክስ አይረባም» ይባላል፤ ለሊኑክስ በወጉ ድራይቨር ያልሠራውን አምራች ግን ማንም አያነሳውም። ማክን ውሰዱ። ብዙ ቪዥዋላይዘሮች የተጻፉበትን ኦፕንጂኤልን አፕል በ2018 «ከእንግዲህ አላሳድገውም» አለና ሁሉም ወደ ራሱ ሜታል እንዲዞር ገፋ። ይሄ የፍጥነት ጉዳይ ነው? የኩባንያ ፍላጎት ነው እንጂ።

ስክሪኑንም አትርሱት። 1024 በ768 የሆነ አሮጌ ስክሪን 786,432 ነጥብ አለው። የ2012ቱ ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ሬቲና ስክሪን 2880 በ1800 ነው፤ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። ያንኑ ሥዕል በሙሉ ስክሪን ለመሙላት ከስድስት እጥፍ በላይ ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ውድ ኮምፒውተር የሚንገዳገድበትን ጭፈራ ርካሹ በትንሽ መስኮት ውስጥ በቀላሉ ሊወጣው ይችላል።

ክርክር ከወደዳችሁ ደህና ክርክር እንስጣችሁ፤ ያ ሁሉ ጭፈራ በማን እጅ ነው? ዊንአምፕን የሠራውን ኩባንያ ኤኦኤል በ1999 ገዛው፤ በ2013 ሊዘጋው ነው ተባለ፤ በ2014 ለሌላ ተሸጠ። ተጠቃሚዎች በዓመታት ውስጥ በትርፍ ጊዜያቸው ለሚልክድሮፕ የሠሯቸው ፕሪሴቶችስ? አብረው አልተቀበሩም። የሚልክድሮፕ ሶርስ ኮድ በ2005 ለሁሉም ተለቀቀ። ፕሮጀክትኤም የተባለው ክፍት ፕሮግራም እነዚያኑ ፕሪሴቶች በኦፕንጂኤል አማካይነት ሊኑክስና ማክ ላይ አስጨፈራቸው። በተርቸርን የተባለው ደግሞ ብሮውዘር ውስጥ አስገባቸው። በየትኛውም ማሽን ላይ ለመጨፈር የበቃው ክፍት የሆነው ነው።

የተዘጋው ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ስልኩን ያውጣ። አንድሮይድ ላይ አንድ ቪዥዋላይዘር ከስልኩ የሚወጣውን ዘፈን ለመከተል የድምፅ መቅጃ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አይፎን ላይ ደግሞ አንዱ አፕ የሌላውን አፕ ድምፅ እንደ ልቡ መውሰድ አይችልም። ለደኅንነት ነው ይሉናል፤ ምክንያቱ ይገባናል። ግን የገዛ ስልካችን የሚያጫውተውን የገዛ ዘፈናችንን ለማየት ማይክራፎናችንን እንድንከፍት ስንጠየቅ ዝም ብለን «እሺ» እንላለን፤ ስለ አርማ ሲሆን ግን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጮኻለን።

ወደ ሱቁ እንመለስ። አፋችንን ከፈትን ብለናል። መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ላፕቶፕ ቻርጀር እንዳልተሰካለት አየን። ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ዝግ አድርጎታል። ሰካነው። ቀጥለን የስልካችንን ኢንተርኔት አገናኝተን በሁለቱም ላይ በተርቸርንን ከፈትን። አንድ ዘፈን፣ አንድ ፕሪሴት፣ እኩል የሆነ መስኮት። ከዚያ ሦስታችንም፣ ባለሱቁን ጨምሮ፣ አፍጥጠን አየን። ለዓይናችን ልዩነቱ ጠፋ። ባለሱቁ ሳቀና «እናንተ የኮምፒውተር ተማሪዎች ናችሁ እንዴ?» አለን። አይ ወንድሜ፣ ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምተን አንጽፍም።

ጓደኛችን ርካሹን ገዛች። በተረፋት ገንዘብ ለቃለ መጠይቋ ደህና ማይክራፎን ጨመረች። ዘፈን ስትከፍት ስክሪኗ ይጨፍራል፤ ሥራ ስትይዝ ግን ትዘጋዋለች።

እናንተም ኮምፒውተር ልትገዙ ስትወጡ ዘፈኑን አዘግታችሁ የምትሠሩበትን ፕሮግራም አስከፍቱ። ጭፈራው ቤት ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን!