ያረጀች መኪናና የባለቤትዋ ደብተር

የቤት አስተዳደር ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ እህልና ስለ ልብስ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ነገር ግን በደጃችን የቆመች አሮጌ መኪና ብትኖር፣ እርስዋም የዕለት ቀለብ ትጠይቃለችና አያያዝዋን ማወቅ ከዚሁ የሚቈጠር ነው። ይልቁንም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን በደኅና መጠበቅ ለብዙ ቤተ ሰብ ግዴታ ሆኗል።

እኛ የምንነዳት ባለ ናፍታ ላንድ ክሩዘር 380,000 ኪሎ ሜትር የተጓዘች ናት። ባለፈው በጋ ነዳጅ መጠጣትዋ እየበዛ፣ ጢስዋም እየጠቈረ ቢሄድ፣ «ሞተርዋ ወርዶ ይታደስ» የሚል ምክር ሰማን። ለልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥነውንም ገንዘብ ልናወጣ ተነሥተን ነበር። አንድ አረጋዊ መካኒክ ግን «መምህር፣ ሞተሩን ከመክሰስዎ በፊት ምን ያህል እንደምትጠጣ ለክተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን። ተማሪዎቻችንን ሒሳብ እያስተማርን የገዛ ራሳችንን ሒሳብ አለመያዛችን አሳፈረን።

አለካኩም ቀላል ነው። ነዳጁን ጢም አድርጎ አስሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ቍጥር መጻፍ፤ ጥቂት ቀን እንደ ልማድ ነድቶ በዚያው ማደያ እንደ ገና ጢም አድርጎ ማስሞላት፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባውን ሊትር በ100 አባዝቶ፣ ለተጓዙት ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። እኛ 400 ኪሎ ሜትር ሄደን 64 ሊትር ገባ፤ ይኸውም በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ማለት ነው።

ሽማግሌውም ሦስት ነገር መረመሩ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ቢያወጡ በአቧራ ታፍኖ ተገኘ። ናፍታ ያለ በቂ አየር በሚገባ አይነድምና ትርፉ ጥቍር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህም በላይ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሁለተኛ፣ ጎማዎቹ ነፋስ ጐድሎባቸው ነበር። ልኩ በነጂው በር መቃን ላይ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጧት መኪናው ሳይነዳ ነው። ሦስተኛ፣ ጥቂት ነድተው ቆሙና እጃቸውን ሳያስነኩ ወደየጎማው ቸርኬ አቀረቡ፤ ሦስቱ ለብ ሲሉ አንዱ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል። ይህ ነዳጅ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በምንወርድበት ቀን ፍሬን ሊያሳጣን ይችል ነበር።

ሦስቱ ከተስተካከሉ በኋላ ለዚያው 400 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር በቃን። ሞተሩም አልወረደም፤ የልጆቹም ክፍያ ተከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዘናል። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እናስለውጣለን፤ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ እናፈሳለን፤ የራዲያተሩን ውሃ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ ከፍተን እናያለን፤ ትኩሱ ፊት ያቃጥላልና። ዋን ኤች ዜድ በሚባለው በዚህ ሞተር ባለ ጥርሱ የታይሚንግ ቀበቶ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለወጣል፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን ይሰብሩታል። መኪናዋን ከሌላ ሰው የገዛ፣ መለወጡን የሚያስረዳ ጽሑፍ ካላገኘ፣ እንዳልተለወጠ ይቍጠረው።

ስለ አነዳድም ሁለት ነገር እንጨምር። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲታለፍ የአየሩ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራልና ዝግ ማለት ያተርፋል፤ ባዶውን የጣራ ዕቃ መጫኛም ማውረድ ይጠቅማል። ነገር ግን ነዳጅ እንቈጥባለን ብሎ በቍልቍለት ማርሽ ነፃ አድርጎ መንዳት ፈጽሞ አይገባም። በማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ከለቀቀም ፓምፑ ነዳጅ መላኩን ይገታል። በነፃ ስትወርድ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ በውስጥዋም ያሉት ልጆቻችን ናቸው።

እንግዲህ መኪናችሁ ነዳጅ አበዛች ብላችሁ ስታዝኑ፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከመሪው አጠገብ አስቀምጡ።