አሻራ ሊሰጥ የሄደ ለምን ካቴና ይገባል?!

ወይ ጉድ! ሰው ለሥራ ቅጥር ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ሊያወጣ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አሻራውን ይሰጣል። መዝገቡ ሲገለጥ ድሮ የወጣ፣ ያልተፈጸመ የመያዣ ትዕዛዝ ብቅ ይላል! ለመሆኑ እስከዛሬ የት ነበራችሁ? የሚሸሽ ሰው በገዛ እግሩ ፖሊስ ደጃፍ ይሄዳል እንዴ? ወንጀለኛ ይለቀቅ አላልንም። ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይርጋን የደነገገው በከንቱ አይደለም፤ ምስክር ይሞታል፣ ማስረጃ ይጠፋል። ስለዚህ ይርጋው ማለፍ አለማለፉ ሳይጣራ ካቴና አይነሳ! ከተያዘም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ! ትዕዛዙን መሳቢያ ውስጥ አስተኝቶ የኖረው ሹምስ? እንጀራውን ያጣው ሥራ ፈላጊው ብቻ ነው። ሹሙም ይጠየቅ!