ጨው አያድንም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ገንፎው ቀርቧል፣ ቤቱ ሞቋል፣ እናትና ልጅ ተኝተዋል። ከአልጋው ግርጌ ከሰል ቀልቶ ተቀምጧል። የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። «እማማ፣ ይቺን ምድጃ ላውጣት?» ብላቸው አያቲቱ ሳቁብኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ደጅ አቀጣጥዬ ነው ያስገባሁት፤ ጨውም ጣል አድርጌበታለሁ።»

እሳቸውን አልወቅስም። የምወቅሰው ተምረናል የምንለውን ነው፣ ከራሴ ጀምሬ። ደባርቅ ኬሚስትሪ ሳስተምር ካርቦን በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። ማታ ግን ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ቆልፌ፣ ከሰል አጠገቤ አድርጌ እተኛለሁ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ታልፋለች፤ የታኅሣሥ ሌሊቷን የቀመሰ አይፈርድብኝም። አንድ ሌሊት ሽንት ቀስቅሶኝ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። እየዳህኩ በሩን ከፍቼ ደጅ ወደቅሁ። ጠዋት አከራዬ «ብርድ መትቶህ ነው» ብለው ወተት አጠጡኝ። እኔም፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ «አዎ፣ ብርድ ነው» አልኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ጨው ከሰል ላይ ሲጣል ይንጣጣል እንጂ መርዙን አያጠፋም። ከሰሉ ቀላ፣ ጭሱ ጠፋ ማለትም መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ቢሆን እኮ አስለቅሶ ያስወጣን ነበር! ደማችን ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያ እንቅልፍ። ክፉው እንቅልፉ ነው። ረመጡን በአመድ አዳፍኖ አጠገብ ማሳደርም ያው ነው፤ አየር ያጣ ፍም መርዙ ይብሳል።

መኪና ያለው ሰው ጊዜውን ጠብቆ ዘይት ይቀይራል። ቤታችንን የሚያሞቀው ምድጃስ? የላቀች ምድጃችን ሸክላው ተሰንጥቆ፣ ቀዳዳዎቹ በአመድ ተደፍነው፣ ከታች አየር ሳያገኝ ይነዳል። የኤሌክትሪኩ ሬዚስታንስ ሲበጠስ ጠምዝዘን እንቀጥለዋለን፤ ሲቃጠል ወደ ከሰል እንመለሳለን። አንድ ዓመታዊ ጥገና ግን አናስቀርም፦ ጥቅምት ሲገባ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያና በፌስታል መወተፍ! የሣር ክዳኑ ጎጆ ጭሱን በክዳኑ ያሾልክ ነበር (ዓይን ያጠፋ ስለነበር አላወድሰውም)። ቆርቆሮና ኮርኒስ ግን የት ያሾልካል? «ንፋስ እንዳይመታን» እንላለን። በመስኮት በገባ ንፋስ የሞተ ሰው ለቅሶ ደርሼ አላውቅም።

ይቺ ከተማ እኮ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሲከፈትላት ከጤና መኮንኑና ከነርሷ ጋር ሳኒታሪያንም ያሰለጠነች ናት። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ስትመጣ ስለ ምድጃው የሚጠይቃት ስንታችን ነን?

«ድሃው ምን ያድርግ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ መብራት እየጠፋ ከሰል ተዉ አልልም። አመድ መድፋትና የተወተፈ ቀዳዳ መክፈት ግን ሳንቲም አይጠይቅም። ቀዳዳ ስላለ ደግሞ ከሰል ታቅፎ ይታደራል ማለት አይደለም። ከመተኛት በፊት ምድጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ፤ ለሌሊቱ ጋቢና በርኖስ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ባንዴ ራሱን ካመመው ወተት ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ ሰዉን ደጅ አውጡ፣ ከዚያ ቶሎ ሐኪም ቤት፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

ከአራስ ቤቱ ሳልወጣ የልጁን አባት ወደ ጎን ጠራሁት፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ትምህርት ትዝ ይልሃል?» ብለው «ኧረ መምህር፣ ያንን ፈተና እኮ ደፍኜዋለሁ» አለኝ። መስኮቱንም ደፍኖታል። ጨርቁን አብረን ነቅለን ምድጃውን ደጅ አወጣን። አያቲቱ እስካሁን ተቀይመውኛል።