ያቃጠልነው አፈር

ባለፈው ጥር ለእረፍት ሶዶ የገባን ተማሪዎች ተሰባስበን የጽዳት ዘመቻ አደረግን። ቅጠሉን፣ የሙዝ ልጣጩን፣ ፌስታሉን ባንድ ላይ ጠርገን ከመርንና ክብሪት ጫርንበት። አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ ቆም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ቅጠሉን ለምን ታቃጥሉታላችሁ? ለእንሰቴ ብትሰጡኝ ምናለ?» አሉን። ሳቅን። የሳቅነው በገዛ ድንቁርናችን መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ክርክራችንን ከራሳችን እንጀምራለን።

እኒያ እናት የሚያውቁት ምንድን ነው? የወላይታ ገበሬ መሬቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከቤቱ አጠገብ ያለው «ዳርኳ» ይባላል፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ እዚያ ነው። ራቅ ያለው «ሾቃ» ነው፤ በቆሎውና ስኳር ድንቹ ያለበት። በየማለዳው እበቱ፣ አመዱ፣ የቤት ጥራጊው ወደ ዳርኳ ይሄዳል። ስለዚህ የዳርኳ አፈር ጠቁሮና ለስልሶ፣ እርጥበት ይዞ ይገኛል፤ ሾቃው ቀልቶ ይቀራል። ከመነሻው አንድ አፈር ነበር እኮ! ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው፤ ይልቁንም የሴቶችና የልጆች እጅ።

እኛ ተማርን ባዮቹስ ምን አደረግን? በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው ዋዱ ለወላይታ ገበሬ ምርጥ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በዱቤ አከፋፈለ። ምርት አልጨመረም አንልም። ነገር ግን ማዳበሪያው ባሕር ተሻግሮ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር ሕመሙ ገበሬው ጓዳ ድረስ ዘለቀ። እስከዚያው የጓሮውን ዕውቀት «ኋላ ቀር» ስንል ኖረን፣ በኋላ «ኮምፖስት» የሚል የፈረንጅ ስም አውጥተን መልሰን ለባለቤቱ ሥልጠና አደረግነው። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ማለት ይሄ አይደል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ቆሻሻ መለየት ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ገዢ የሌለው ፕላስቲክ ቢለይ ምን ሊሆን?» ይሉናል። በፕላስቲኩ ላይ ከፊል እውነት አላቸው፤ ቆራሌው የሚሸጥለትን ይወስዳል፣ ስስ ፌስታል ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የሚበሰብሰው ግን ሌላ ነው። ፋብሪካ አይሻም፣ ዶላር አይሻም። እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቁ መደርደር፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ አየር እንዲያገኝ ማገላበጥ፤ በቃ፣ በወራት ውስጥ አፈር ይሆናል። በከተሞቻችን ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ የሚበዛውም ይኸው ነው። ሁሉም ተቀላቅሎ ሲከመር ምን እንደሚያመጣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አይተናል፤ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ፈጀ።

«ብስባሽ የድሃ መጽናኛ ነው» ለሚሉንም መልስ አለን። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር በሠሩት ሥራ፣ ብስባሽ የገባበት ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከለማው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጥቷል።

ማጋነን አንፈልግም። የጓሮ ጥራጊ ሾቃውን ሁሉ አያጠግብም። መሬት ጠቧል፤ ከብት ሲያንስ ፍጉም ያንሳል። ታዲያ ፍግ ባነሰበት አገር ቅጠል ማቃጠል ምን ይሉታል? ከተማው የገጠሩን ጎመንና ቆጮ ይበላል፤ ልጣጩን ግን አይመልስም። ይህ ዕዳ ነው፣ ከፋዩም እኛ ነን።

እንግዲህ ጓዶች፣ ሌላ ጊዜ መጥረጊያ ስናነሳ ክብሪቱን እቤት እንተወው። ፌስታሉን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ! ቅጠሉን ተሸክመን እኒያን እናት ደጃቸው ድረስ እናድርስላቸው፤ እግረ መንገዳችንንም እንዴት እንደሚሠራ እንጠይቃቸው። አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው፤ ተማሪዎቹ እኛ።